ከማዳበሪያሽ ውስጥ መጀመሪያ እርጥቡን አውጪ

ጥያቄ፦ «ሰላም ኢንጂነር። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና አማቴ ነን። የዓመት ቆሻሻቸውን በአንዲት የመስታወት ጠርሙስ የሚያስቀምጡ የውጭ ሰዎችን ቪዲዮ አይቼ እኔም ልጀምር አልኩ። የመስታወት ዕቃ፣ የጨርቅ ከረጢት፣ የቀርከሃ ጥርስ ብሩሽ ገዛሁ። ብዙ ብር ወጣ። ቆሻሻው ግን ያው ነው፤ በሳምንት ሁለት ማዳበሪያ ይሞላል። ለይቼ ባስቀምጥም የጽዳት ማኅበሩ መጥቶ ጋሪው ላይ አንድ ላይ ይደፋዋል። ባለቤቴ ‹ይሄ የሀብታም ነገር ነው› ይለኛል። እውነት እንደኛ ላለ ሰው አይሆንም?»

መልስ፦

ይሆናል እህቴ። እንዲያውም እንዳንቺ ላለ ቤት ከባለጠርሙሶቹ ይልቅ ይቀላል። ችግሩ የተከተልሽው ምክር ለሌላ ዓይነት ቆሻሻ የተሰጠ ምክር መሆኑ ነው።

ቪዲዮው ላይ ያየሻቸው ሰዎች ቤት ውስጥ ዋናው ቆሻሻ ማሸጊያ ነው። ምግባቸው ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ታሽጎ ነው ከሱፐርማርኬት የሚመጣው። ማሸጊያውን እምቢ ሲሉ ቆሻሻቸው በአንዴ ይቀንሳል። ደግሞ ጠርሙሱ ውስጥ የሚገባው ምንም ማድረግ ያልተቻለው የመጨረሻው ትራፊ ብቻ ነው። የምግብ ልጣጩ ለብቻው በስብሶ ኮምፖስት፣ ማለትም የአፈር ምግብ ሆኗል። ወረቀቱና ብረቱ ወደ ፋብሪካ ተመልሷል። እነሱ አይቆጠሩም። ቪዲዮው ይሄን በደንብ ስለማያሳይ ብዙ ሰው ጠርሙሱን አይቶ ተስፋ ይቆርጣል።

የእኛ ቤት ሌላ ነው። ሽንኩርቱ ከነልጣጩ፣ ጎመኑ ከነግንዱ፣ ድንቹ ከነአፈሩ ነው ቤት የሚገባው። አንድ ድስት ወጥ ለመሥራት ስንት ሽንኩርት እንደሚላጥ አማትሽ ያውቃሉ። የቡና አተላ አለ። የሙዝና የብርቱካን ልጣጭ አለ። የሻገተ እንጀራ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ከቤት ከሚወጣው ቆሻሻ በክብደት ከግማሽ በላዩ እንዲህ ያለ የሚበሰብስ ነገር ነው። አንድ ሰው በቀን ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ቆሻሻ ያወጣል። በአምስት ሰው ስናሰላው በሳምንት 14 ወይም 15 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ኪሎው እርጥብ ነው። የመስታወት ዕቃና የጥርስ ብሩሽ ስትገዢ የነካሽው ቀሪውን፣ ያውም ከቀሪውም ትንሹን ነው። ማዳበሪያው ያልጎደለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር አንድ ነው። እርጥቡን ከማዳበሪያው አውጪ። ሌላውን ሁሉ ለጊዜው ተዪው። እርጥቡ ሲወጣ የቀረው ራሱ ይስተካከላል።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርሽ። ወረቀት ለብቻው ገዢ አለው። ሽሮ የነካው ወረቀት ግን ማንም አይፈልገውም። የፕላስቲክ ጠርሙስ ለብቻው ገዢ አለው፤ የበሰበሰ ቲማቲም የተለጠፈበትን ሰብሳቢው ይጥለዋል። እርጥቡና ደረቁ ሲቀላቀሉ ሁለቱም ይበላሻሉ። ሽታውም፣ ዝንቡም፣ አይጡም የሚመጣው ከእርጥቡ ነው።

ደግሞ ያን ማዳበሪያ በእጃቸው የሚያነሱትን አስቢ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ማዳበሪያው ሥር የጠቆረ ውሃ ይንጠባጠባል። ውስጡ ምላጭና የተሰበረ ብርጭቆ አለ። ከጋሪ ወደ ገንዳ፣ ከገንዳ ወደ መኪና ይገለብጡታል። ክፍያው ከውሃ ሂሳብ ጋር ተደምሮ ስለሚከፈል ብዙዎቻችን በሩ ላይ ካስቀመጥን በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አናስብም። የሚሄደው ወደ ረጲ ነው፤ ሁላችንም ቆሼ የምንለው ቦታ።

ቆሼ የተጀመረው በ1950ዎቹ ነው። ያኔ ከከተማው ዳር ነበር፤ ዛሬ ከተማው ከቦታል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ ሥሩ የነበሩ ቤቶችን ዋጠ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ክምሩን ይተካል ተብሎ ሰንዳፋ ላይ የተሠራው ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ነበር። በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ሲቆም ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። ከአደጋው በኋላ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ እዚያው ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። እዚህም ላይ እርጥቡ ይመጣል። ልጣጭ በአብዛኛው ውሃ ነው። እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ ለማትነን ይደክማል፤ ኃይሉ የሚገኘው ከተረፈው ነው። ክምር ውስጥ የተቀበረ ልጣጭ ደግሞ አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሚቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ አየር ንብረትን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ይከፋል። እርጥበትም ቀጥ ብሎ የተከመረን ቆሻሻ ያላላዋል።

ቆሼን ያነሳሁት ልወቅስሽ አይደለም። ያቺ የሽንኩርት ልጣጭ ቤትሽ ስትቀር ምን ያህል ነገር እንደሚቀል እንድታዪው ነው።

አሁን ጋሪው ላይ አንድ ላይ ይደፉታል ወዳልሽው ልምጣ። ብዙ ሰው መለየት የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ስሜቱ ይገባኛል። መፍትሔው ግን ለይቶ ለጋሪው መስጠት አይደለም። ለይተሽ ለጋሪው አትስጪ! እርጥቡ ቤትሽ ይቅር። ደረቁ ለቆራሌው ይሂድ። ጋሪው የሚያገኘው ከሁለቱ የተረፈውን ብቻ ነው። ያኔ ቢቀላቀልም የሚበላሽ ነገር የለም።

እርጥቡን እንዴት እንደምትይዢው በዝርዝር ልንገርሽ፤ ሰው የሚሰለቸው ዝርዝሩን ባለማወቅ ነው።

ወጥ ቤት ውስጥ ክዳን ያለው ትንሽ ባልዲ አድርጊ። ቦታው ሽንኩርት ከሚላጥበት አጠገብ ይሁን። ሁለት እርምጃ ከራቀ ልጣጩ ወደ ቀድሞው ቦታ ይሄዳል። በየማታው ባልዲውን በረንዳ ላይ ወዳለ ማዳበሪያ ትገለብጪዋለሽ። አዎ፣ ያው የኩንታል ማዳበሪያ። ለዚህ ሥራ ከተሸጠ ዕቃ ሁሉ ይሻላል። በክር የተሸመነ ስለሆነ አየር ያስገባል፤ ኮምፖስት ደግሞ አየር ይፈልጋል። ሁለት ወይም ሦስት ይበቁሻል። ሁለት ጡብ ላይ አስቀምጪያቸው። ሥራቸው የሚንጠባጠበውን የሚቀበል አሮጌ ሳፋ አድርጊ። ፀሐይ በቀጥታ አይምታቸው፤ ማዳበሪያ ፀሐይ ላይ ሲከርም ይሰባበራል። በክረምት ዝናብ እንዳይገባ ከላይ ይሸፈን። እስከ አፉ አትሙዪው፤ ለማንቀሳቀስ ይከብድሻል።

ምስጢሩ ደረቁ ነው። አንድ እጅ እርጥብ በጨመርሽ ቁጥር ሁለት እጅ ደረቅ ከላይ አልብሺው። ደረቅ ማለት የደረቀ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን፣ የእንቁላል መያዣ ወረቀት፣ ጭድ፣ ሰጋቱራ ነው። ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት በነፃ ይሰጡሻል። ከንጹሕ ጣውላ የወጣ መሆኑን ጠይቂ፤ የኤምዲኤፍና የችፑድ ዱቄት ሙጫ አለበት። ከሁሉ የምወደው ግን የበዓል ቄጤማ ነው። ከበዓል ማግስት ሁሉም ጠርጎ ይጥለዋል። አንቺ አድርቀሽ በማዳበሪያ አስቀምጪው። ከጎረቤትም ሰብስቢ። የወራት መሸፈኛ ይሆንሻል።

እርጥበቱን በእጅሽ ትለኪዋለሽ። አንድ እፍኝ ዝገኚና ጨምቂው። አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ ደረቅ ጨምሪ። ምንም ካልወጣ ትንሽ ውሃ አርከፍክፊበት። በሳምንት አንዴ በዱላ አገላብጪው። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፤ አገላብጪና ደረቅ ጨምሪ። አፍንጫ የሚወጋ የሽንት ዓይነት ሽታ ካለው እርጥቡ በዝቷል፤ መድኃኒቱ ያው ደረቅ ነው። ትንንሽ ዝንቦች ካየሽ ልጣጩ ሳይሸፈን ቀርቷል ማለት ነው። እውነት ነው የምልሽ፣ በደንብ የተያዘ ኮምፖስት አይሸትም። የሚሸተው ክዳኑ የተገጠመ የቆሻሻ ባልዲ ነው።

የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ ተፈጭቶ የእንቁላል ቅርፊት፣ የአትክልት ሁሉ ልጣጭ ይገባል። የጎመን ግንድ ከትፈሽ ጨምሪው። የከሰል አመድ በጣም ትንሽ ብቻ፤ ሲበዛ ሥራውን ይገድለዋል። ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይት ያለበት ወጥ አይግባ፤ አይጥ የሚጠራው እሱ ነው። የውሻና የድመት ዓይነ ምድርም፣ የሕፃን ዳይፐርም አይግባ። ትልቅ ክምር በሽታ አምጪውን የሚገድል ሙቀት ላይ ይደርሳል፤ የበረንዳ ማዳበሪያ ግን እዚያ አይደርስም።

የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ሦስት አራት ወር ይወስዳል። ደርሷል የሚባለው ጥቁር ሆኖ፣ ልጣጩ ከማይለይበት ደረጃ ደርሶ፣ የአፈር ሽታ ሲሸት ነው። በአሮጌ ወንፊት ንፊው። አንድ እጅ ኮምፖስት ከሁለት እጅ አፈር ጋር ቀላቅለሽ በረንዳ ላይ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጎመንም ትተክዪበታለሽ። የተረፈሽን ግቢው ውስጥ ያሉት ዛፎች ሥር አድርጊው።

በረንዳ ለሌለው ሰው ሌላ መንገድ አለ። ብዙ ሰፈር ውስጥ አሁንም ላም የሚያልብ ቤት አይጠፋም። ንጹሕ ልጣጭ በደስታ ይቀበላሉ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ልጣጩ ውስጥ የፌስታል ቁራጭ አይግባ። ላም ፌስታል ስትበላ ሆዷ ውስጥ እየተከማቸ ይገድላታል።

ኮምፖስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚበላውን ማዳን ደግሞ ይቀድማል። እንጀራ የሚሻግተው ብዙ ስለሚጋገርና መሶቡ ወይም ላስቲኩ ውስጥ እርጥበት ስለሚታፈን ነው። በሦስተኛው ቀን የማያልቅ መሆኑ ከታየሽ በሁለተኛው ቀን ቁረጪና ፀሐይ ላይ አስጪው። ድርቆሽ ሆኖ ለወራት ይቀመጣል። ለፍርፍር ከትኩሱ እንጀራ ይልቅ ድርቆሽ የሚመርጥ ሰው ብዙ ነው። ከሻገተ በኋላ ግን የሻገተውን ቆርጦ ሌላውን መብላት ይቅር፤ ሻጋታው ከሚታየው በላይ ውስጥ ገብቷል። ለዶሮም አትስጪው፤ ወደ ኮምፖስት ይሂድ። ወጥ ከተረፈ መጠኑን ለማስተካከል ከአማትሽ ጋር ተነጋገሩ። እሳቸው ባይስማሙበት ይህ ሁሉ አይሠራም። ወጥ ቤቱ የሳቸው ነውና መጀመሪያ የሚማከሩት እሳቸው ይሁኑ። የባልዲውንም ቦታ እሳቸው ይምረጡ።

ወደ ደረቁ ልለፍ። ይሄኛው አጭር ነው፤ ከተማችን ለደረቁ ሠራተኛ አላት። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ ያልፋል። ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ሃይላንድ፣ ጀሪካን፣ ካርቶን፣ አሮጌ ድስት ይወስዳል። ልዋጮቹ ደግሞ አሮጌ ልብስና ጫማ በዕቃ ይለውጣሉ። ከዚያ ብዙው መርካቶ ይገባል። ምናለሽ ተራ ሄደሽ ከሆነ አይተሽዋል፤ የዘይት ቆርቆሮው ማንደጃ ይሆናል፣ ጎማው በረባሶ ይሆናል፣ የተሰበረው ብረት ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ማንም ሳይከፍላቸው ከተማውን ከስንት ቶን ቆሻሻ ያሳርፋሉ። ሲመጡ በክብር እናስተናግዳቸው። ካርቶኑን ጠፍጥፈሽ፣ ሃይላንዱን ባዶ አድርገሽ፣ ክዳኑን ለብቻ አድርገሽ ጠብቂያቸው። ክዳኑና ጠርሙሱ የተለያየ ፕላስቲክ ናቸው። የተሰበረ ብርጭቆና ምላጭ በወፍራም ወረቀት ጠቅልለሽ፣ ላዩ ላይ ጽፈሽበት፣ ለጋሪው በእጅ ስጪ። ፕላስቲክ ግቢ ውስጥ ማቃጠል ፈጽሞ ይቅር። ጭሱ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ አለው፤ የሚተነፍሱት ልጆችሽ ናቸው።

መጠጥ ስትገዢ ደግሞ የሚመለሰውን ጠርሙስ ምረጪ። የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ ከነሳጥኑ ወደ ፋብሪካ ተመልሶ፣ ታጥቦ፣ እንደገና ይሞላል። ብዙ የሠለጠኑ አገሮች ይህን ሥርዓት ትተውት አሁን ሊመልሱት የሚለፉበት ነው። እኛ ጋ እስካሁን አለ። በፕላስቲክ ጠርሙስ በገዛን ቁጥር ግን እያዳከምነው ነው።

ውሃን በተመለከተ፣ ቤት ውስጥ ሃይላንድ የሚበዛው የቧንቧው ውሃ ስለሚያሰጋ ነው። ሥጋቱ ተገቢ ነው። ውሃ አፍልተሽ መጠቀም ትችያለሽ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ያኔ እነዚያ የገዛሻቸው የመስታወት ዕቃዎች ሥራ ያገኛሉ። ወተትም ከጎረቤት በራስሽ ዕቃ ብትወስጂ የላስቲኩ ብዛት ይቀንሳል፤ ግን ሳይፈላ ማንም እንዳይቀምሰው።

ፌስታል የማይቀር ጥያቄ ነው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር። በተግባር ግን ስሱ ጥቁር ፌስታል ከየጉሊቱ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ክልከላውን አጥብቆታል። ሕጉ መምጣቱ ያስደስተኛል። ግን የጉሊቷ እናት ቲማቲሟን በምን እንደምትሰጥ መልስ እስካልተሰጣት ድረስ ሸክሙ እሷ ላይ ነው የሚወድቀው። ዘንቢል ይዘሽ ስትሄጂ የሷንም ወጪ ትቀንሻለሽ። ሥጋ ቤት ክዳን ያለው ሳህን ይዘሽ ሂጂ። መጀመሪያ ግር ይላቸው ይሆናል፤ ሁለተኛ ጊዜ ስትሄጂ ይለምዱታል።

ስለ ጨርቅ ከረጢትሽ አንድ ነገር ልበል። በ2011 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ባወጣው ጥናት መሠረት፣ አንድ የጥጥ ከረጢት በአየር ንብረት ላይ ያለው ጫና ከስስ ፌስታል እኩል እንዲሆን 131 ጊዜ መያዝ አለበት። ጥጥ ለማምረት ብዙ ውሃና ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ አንዱን እስኪያልቅ ያዢው፤ ሌላ አትግዢ። ቤት ያለውን ፕላስቲክ ዕቃም ጥለሽ መስታወት አትተኪ። የሚሠራ ዕቃ መጣል ራሱ ቆሻሻ መጨመር ነው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ የሚቀር ነገር ይኖራል። ይኑር! ጃፓን ውስጥ ካሚካትሱ የምትባል ተራራማ ትንሽ ከተማ አለች። የሕዝቧ ብዛት ከ1,500 በታች ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ‹በ2020 ቆሻሻችንን ዜሮ እናደርጋለን› ብላ አወጀች። ነዋሪው ቆሻሻውን በራሱ ተሸክሞ ጣቢያ ይወስዳል፤ እዚያ ከ40 በላይ በሆነ ዓይነት ይለያል። የጃፓን አማካይ ከተማ መልሶ ለጥቅም የሚያውለው ከቆሻሻው 20 በመቶ ገደማ ነው፤ ካሚካትሱ 80 በመቶ ገደማ ደርሳለች። የቀረው አልሆነላትም። ዳይፐር፣ የንጽሕና ዕቃና ከተለያየ ነገር ተጣብቆ የተሠራ ዕቃ እንቢ አላት። አየሽ፣ በዓለም የታወቀችው ከተማም ዜሮ አልደረሰችም። የመጀመሪያ እርምጃዋ ምን ነበር መሰለሽ? የወጥ ቤት ቆሻሻን አለመሰብሰብ። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ልጣጭ ራሱ ኮምፖስት ያደርጋል። ከተማዋም የኮምፖስት ዕቃ መግዣ ደጎመች።

ከሚቀረው ውስጥ አንዳንዱ የሚቀነስ ነው። ሕፃን ካለ ቀን ቀን ሽንት ጨርቅ፣ ሌሊት ዳይፐር ማድረግ ግማሹን ያስቀራል፤ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ግን ይህን አልመክርም። ለሴቶች ታጥቦ የሚደጋገም የወር አበባ መጠበቂያ አገር ውስጥ ይሠራል። መቀሌ ላይ ማርያም ሰባ የሚባለውን ፋብሪካ ያቋቋመችው ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባለችው በዚሁ ሥራ ነው። ፀሐይ ላይ በደንብ መድረቁ ብቻ ግዴታ ነው።

በበዓል ደግሞ የበግ ቆዳ አለ። ቀድሞ ገዢው በየበሩ ይዞር ነበር፤ አሁን ዋጋው ወድቆ ቆዳው መንገድ ላይ ሲጣል አያለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። ከተገፈፈ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ሥጋ የነበረበትን በኩል ጨው ካልነሰነስሽበት ይበላሻል። ጨው ነስንሰሽ፣ ጥላ ውስጥ ዘርግተሽ ካቆየሽው ገዢው በማግስቱ ቢመጣም ይደርስበታል። በበዓል ሰሞን ቤት ለቤት የሚሰበስቡም አሉ፤ ቀድመሽ ተነጋገሪ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ‹የሀብታም ነገር ነው› ያለው የገዛሻቸውን ዕቃዎች አይቶ ነው፤ በዚያ አልፈርድበትም። የነገርኩሽ ነገር ግን መግዣ አይፈልግም። ባዶ ማዳበሪያ፣ አሮጌ ሳፋ፣ ካርቶንና ቄጤማ ነው። ከቆራሌው የምታገኚው ብር ትንሽ ነው፤ ለልጆች ይሁን። ትልቁ ትርፍ የማይሻግተው እንጀራና የማትገዢው ውሃ ላይ ነው። የወሩን አስቤዛ የሚመዘግበው እሱ ከሆነ ይድረስበት፤ በክርክር አታድክሚው።

መጀመሪያ ወር ላይ እርጥቡን ብቻ አድርጊ። እሱ ልማድ ሲሆን ደረቁን ጨምሪ። ፌስታልና ሃይላንድ በሦስተኛው ይምጡ። አንድ ላይ ከጀመርሽ ቤቱ ሁሉ ይሰለችሻል።

ሲለምድልሽ ደግሞ የብሎኩን ኮሚቴ አነጋግሪ። የአንድ ቤት ማዳበሪያ አይሞቅም፤ የአሥር ቤት ልጣጭ ግቢው ጥግ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ የጣውላ ሳጥን ውስጥ ሲጠራቀም ግን ይሞቃል፣ ቶሎም ይደርሳል። መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ስለ ሽታና ስለ አይጥ ነው። ያንቺን ማዳበሪያ ወደ ታች አውርጂና አፉን ፍቺላቸው። ሳጥኑ ከመስኮት ራቅ ይበል፤ ሥሩ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፤ አጠገቡ ሁልጊዜ አንድ ማዳበሪያ ሰጋቱራ ይቀመጥ።